ከቦሌ ወደ ባሕር ሳይንስ፦ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከቦሌ፣ ከለሚ ኩራ እና ከየካ ክፍላተ ከተሞች የሚመጡ ተማሪዎችና ወላጆች ስለ ትምህርት መስክ ምርጫ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች መካከል «ማሪን መማር የሚቻለው የት ነው?» የሚለው ይገኝበታል። ጥያቄው በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚመለስ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጠያቂዎች «ማሪን» በሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ሙያዎችን ስለሚጠሩ፣ አስቀድሞ ሳይለይ የሚሰጥ ምላሽ ተማሪውን ወዳላሰበው መስክ ሊወስደው ይችላል። ከዚህም የተነሣ የትምህርት ዘመን የባከነባቸው፣ ወላጆቻቸውም ለደላላ ገንዘብ የከፈሉላቸው ወጣቶች አሉ። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ምርጫው ገና በእጃቸው ላሉ፣ በተለይም ከ10ኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ለሚገኙ ተማሪዎች ነው።

ከሦስቱ የመጀመሪያው የባሕርና የውቅያኖስ ሳይንስ ነው። የባሕርን ውሃ እንቅስቃሴ፣ ሙቀትና ጨዋማነት፣ በውስጡ የሚኖሩ ፍጥረታትን፣ የባሕር ወለልን አፈጣጠርና ባሕር በአየር ንብረት ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚመረምር መስክ ሲሆን፣ ባለሙያው ተመራማሪ ነው። ሁለተኛው የመርከብ ሙያ ነው፤ መርከብ የሚያሽከረክር መኮንን፣ የመርከብ ሞተር የሚቆጣጠር መሐንዲስና የኤሌክትሪክ ባለሙያ በዚህ ሥር ይመደባሉ። ሦስተኛው የዓሣ ሀብትና የውሃ አካላት ሳይንስ ነው። ይህኛው በሀገራችን ሐይቆች፣ ወንዞች፣ ግድቦችና ረግረጋማ ሥፍራዎች ላይ የሚሠራ ነው። ሦስቱ የሚጠይቁት ዝግጅት፣ የሚሰጡባቸው ተቋማትና የሥራ ሕይወታቸው እጅግ ይለያያል። በመርከብ ላይ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ባዮሎጂ ቢያጠና መንገዱን ያራዝማል። ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ ኮራል ሪፍ መመራመር የሚሻም የመርከብ ሞተር ሥልጠና ቢወስድ የሚፈልገውን አያገኝም።

ከሦስቱ ለአዲስ አበባ ተማሪ እጅግ የራቀ የሚመስለው የመጀመሪያው ነው። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ሀገሪቱም ከኤርትራ ነጻነት በኋላ የባሕር ዳርቻ የላትም። በመሆኑም «ባሕር በሌለበት የባሕር ሳይንስ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ከቤተሰብም ከመምህራንም ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

ባሕር ለሌላት ሀገር የባሕር ዕውቀት

የኢትዮጵያ ዝናብ ምንጩ ባሕር ነው። ወደ ደጋማው የሀገራችን ክፍል የሚደርሰው እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ አቅጣጫ፣ እንዲሁም ከቀይ ባሕር በነፋስ ተጭኖ የሚመጣ ነው። በሺህዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው የሰላማዊ ውቅያኖስ የወገብ አካባቢ ውሃ ከተለመደው በላይ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤል ኒኞ ሲከሠት፣ በሰሜን፣ በመካከለኛውና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ ያሳያል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውና በቀጣዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖችን ለአስቸኳይ የምግብ እርዳታ የዳረገው ድርቅ ከብርቱ ኤል ኒኞ ጋር የተያያዘ ነበር። በአንጻሩ የምዕራቡ የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል ከምሥራቁ በላይ በሞቀበት በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ በከባድ ዝናብና በጎርፍ ተጥለቅልቋል፤ ያ እርጥበትም ለበረሃ አንበጣ መራባት ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል። የውቅያኖስን ሙቀት አንብቦ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በሚገባ ቋንቋ የሚተረጉም ባለሙያ ለዚህች ሀገር ቅንጦት አይደለም።

በዓለም አቀፍ ሕግም ቢሆን በሩ አልተዘጋም። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 238 ሁሉም ሀገራት መልክዓ ምድራዊ አቀማመጣቸው ምንም ይሁን ምን የባሕር ሳይንሳዊ ምርምር የማካሄድ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 254 ደግሞ ምርምር በሚካሄድበት የባሕር ክልል አቅራቢያ የሚገኙ ባሕር አልባ ሀገራት ስለ ምርምሩ እንዲያውቁና በተቻለ መጠን እንዲሳተፉ ዕድል ይሰጣል። መብቱ በተግባር የሚውለው ግን የሚሳተፍ ባለሙያ ሲኖር ነው።

ከዚህም ሌላ ባሕሩ በአንድ ወቅት እዚሁ ነበር። በዳሎልና በአካባቢው በሚገኘው የአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ ዛሬ ከደረቀ ምድር ላይ ተነጥፎ የሚታየው የኮራል ቅሪት፣ ቀይ ባሕር ከ120 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ወደዚያ ገብቶ እንደነበር ያስረዳል። በአባይና በሙገር ሸለቆዎች የሚገኘው የኖራ ድንጋይም እጅግ ጥንታዊ በሆነ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው፤ ለሲሚንቶ ምርት የሚቆፈረውም ይኸው ድንጋይ ነው። በሰሚትም ሆነ በአያት በአራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ተማሪ የተጠለለው የባሕር ወለል በነበረ ድንጋይ ሥር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የባሕር ጂኦሎጂን ለመጀመር ለሚፈልግ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መነሻው በአቅራቢያ ያለው ውሃ ነው

የባሕር ሳይንስ ሙያተኛ ለመሆን ከኢትዮጵያ የሚነሣ ተማሪ የሚሄድበት እውነተኛ መንገድ በሐይቅና በወንዝ ውሃ በኩል ያልፋል። ይህ መተኪያ ስለጠፋ የሚደረግ ምርጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መለካት፣ ደቂቅ ዕፅዋትን በማይክሮስኮፕ መለየት፣ የዓሣን ዕድሜና ዕድገት መገመት፣ የተሰበሰበውን መረጃ በስታትስቲክስ መተንተን በጣና ሐይቅም በሕንድ ውቅያኖስም መሠረቱ አንድ ነው። በቤልጅየም ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት የታወቀ የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር «ውቅያኖሶችና ሐይቆች» ተብሎ መሰየሙም የሁለቱን ዝምድና ያሳያል።

የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ተማሪ መነሻውን ከሰፈሩ ሳይወጣ ሊያገኝ ይችላል። ቀበናና ቡልቡላ ወንዞች ወደ ታላቁ አቃቂ ይፈሳሉ። ታላቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይቀላቀላሉ። አዋሽም በቆቃ ግድብ አልፎ የአፋርን በረሃ ካቋረጠ በኋላ በጅቡቲ ድንበር በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል፤ ባሕር አይደርስም። ይህ ለሳይንሱ ትልቅ ትርጉም አለው። ከቦሌ ድልድዮች ሥር የሚጣለው ፕላስቲክ፣ ከመኖሪያ ቤቶችና ከፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ እንደ ሌሎች ከተሞች ወደ ውቅያኖስ ገብቶ አይሠወርም። በአባ ሳሙኤል፣ በቆቃና በአዋሽ መስኖ እርሻዎች ዘንድ ይቀራል። የአባ ሳሙኤል ውሃ በእምቦጭ ሲሸፈን፣ ቆቃም መርዛማ ሊሆኑ በሚችሉ አረንጓዴ ደቂቃን ሲሞላ የሚታየው ምክንያት አንድም ይኸው ነው፤ በፍሳሽ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለእነዚህ ዕፅዋት ማዳበሪያ ይሆናቸዋል። የባሕር ተመራማሪዎች በባልቲክ ባሕርና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ «የሞተ ቀጠና» እያሉ የሚያጠኑት ክሥተትም መነሻው ተመሳሳይ ነው።

ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የለገዳዲ ግድብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዋና ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጮች አንዱ ነው። በክረምት ከተራቆተው ተፋሰስ የሚታጠበው ቀይ አፈር ውሃውን እጅግ ስለሚያደፈርሰው የማጣሪያ ጣቢያውን ሥራ ያከብደዋል። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ብርሃን ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘልቅ፣ ይህም በውስጡ ያለውን ሕይወት እንዴት እንደሚቀይር መጠየቅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ደረጃ ሊጀመር የሚችል ምርምር ነው። ክበባት ወደ ግድቡም ሆነ ወደ ማጣሪያ ጣቢያው ለጉብኝት ለመሄድ ሲያቅዱ በትምህርት ቤታቸው በኩል ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በደብዳቤ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የአቃቂ ወንዞችን ውሃ ያለ ጓንት መንካት ለጤና አደገኛ መሆኑንም መምህራን ሊያሳስቡ ይገባል።

ባሕሩን ራሱን በሚመለከት ደግሞ ተማሪው ባያየውም መረጃውን ማግኘት ይችላል። አርጎ በሚባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በውቅያኖሶች ውስጥ ተሠማርተዋል። እያንዳንዱ በየ10 ቀኑ ገደማ እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት ወርዶ ሲመለስ የውሃውን ሙቀትና ጨዋማነት ለክቶ በሳተላይት ይልካል፤ መረጃውም ለማንኛውም ሰው በነጻ ክፍት ነው። የኮምፒውተርና የኢንተርኔት አገልግሎት ያለው ተማሪ ከገርጂ ሆኖ የአደን ባሕረ ሰላጤን ሙቀት መከታተል ይችላል። ፓይተንን ወይም አር የተባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም በዩኒቨርሲቲ ቆይታው የተማረ አመልካች፣ ባሕር አጠገብ ተወልዶ ይህን ካልተማረ አመልካች የተሻለ ዕድል ሊኖረው ይችላል።

የትምህርቱ ደረጃዎች

ወሳኙ ውሳኔ የሚመጣው ከ10ኛ ክፍል በኋላ ነው። የባሕርም ሆነ የውሃ አካላት ሳይንስ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍን ይጠይቃል፤ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ተማሪ ወደዚህ ለመመለስ እጅግ ይቸገራል። ብዙዎች ባዮሎጂ ብቻ የሚበቃ ይመስላቸዋል። ሆኖም የውሃ እንቅስቃሴ ፊዚክስ ነው፣ ጨዋማነትና ብክለት ኬሚስትሪ ነው፣ የዓሣ ክምችት ግምት ሂሳብ ነው። በሂሳብ ደካማ የሆነ ተማሪ በመስኩ ሊቆይ ቢችልም ጥሩ ጥሩ ዕድሎች ያመልጡታል።

የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ሆነው የተወሰነውን ነጥብ ያሟሉ ደግሞ በአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ያልፋሉ። በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከከተማዋ ሳይወጡ መማር የሚሹ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ለብቻው መከታተል አለባቸው። በሀገር አቀፍ ፈተና ጥሩ ውጤት ማምጣት ብቻውን እዚያ አያስገባም።

የመስክ ድልድል ከመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በኋላ ሲደረግ ተማሪዎች በብዛት የሚሽቀዳደሙት ለሕክምና፣ ለሶፍትዌርና ለምሕንድስና ነው። ባዮሎጂ ወይም የዓሣ ሀብት «የደረሰው» ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ ይታያል። ይህን ማየት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያ ምርጫው አድርጎ የገባ ተማሪ ብዙ ተፎካካሪ ባለበት ሜዳ ሳይሆን መምህራን በስም በሚያውቁት አነስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በመስክ ሥራ እየተሳተፈ ሊያድግ ይችላል።

የመጀመሪያ ዲግሪውን በተመለከተ አማራጮቹ ብዙ ናቸው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብትና ረግረጋማ ሥፍራዎች ትምህርት፣ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የውሃ አካላት ሳይንስና የዓሣ እርባታ፣ በማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ፣ ወደ ውቅያኖስና አየር ንብረት ለሚያዘነብሉ ደግሞ ፊዚክስ ወይም በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ የቆየው የሜትዎሮሎጂ ትምህርት ተጠቃሽ ናቸው። መርሐ ግብሮች የሚከፈቱበትና የሚታጠፉበት ጊዜ ስላለ በምዝገባው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ተመራቂው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነውን የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል።

ሐይቅን ያጠኑ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ጥቂት አይደሉም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ስዩም መንግስቱ በሐይቆችና ረግረጋማ ሥፍራዎች ሥነ ምህዳር፣ ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን በዓሣ ዝርያዎች ጥናት ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል፣ ተመራምረዋል። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በኦስትሪያ ይሰጥ በነበረው ዓለም አቀፍ የሐይቅ ሳይንስ ሥልጠና ሲሳተፉ ቆይተዋል። የጣና ሐይቅ ሥራ ደግሞ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ይህ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማያልፍ ቢሆንም፣ ከአንድ የዘር ግንድ ተነሥተው እዚያው የተለያዩ ከ15 የማያንሱ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ይኖሩበታል። አብዛኞቹም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። እነዚህን ዝርያዎች አንድ በአንድ ለይቶ የገለጸው ሥራ የተካሄደው በኢትዮጵያውያንና በኔዘርላንድ ዋሕኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነው። በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎች ገባር ወንዞች ለመራባት ሲወጡ በወንዞቹ አፍ በሚዘረጋ መረብ መጠመዳቸው ቁጥራቸውን ክፉኛ እንደቀነሰ ያሳወቁትም እነዚህ ጥናቶች ናቸው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭ ሲጨመርበት ሐይቁ ከመቼውም ይልቅ ወጣት ተመራማሪ ይፈልጋል። ከቦሌ የሚነሣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመሥራት በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ በአውቶቡስ የአንድ ቀን።

በሁለተኛ ዲግሪ በሀገር ውስጥ ለመቀጠል ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ወደ ባሕር የሚያሻግረው ደረጃ ግን በአብዛኛው በውጭ ሀገር የሚወሰደው ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የቤልጅየም መርሐ ግብር፣ በጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የውሃ ውስጥ እንስሳት እርባታ ትምህርት፣ በአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ ሥር የባሕር ሕያው ሀብትን የሚመለከተው የጋራ ዲግሪ፣ እንዲሁም አይስላንድ በዩኔስኮ ጥላ ሥር ለሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች የምትሰጠው የስድስት ወር የዓሣ ሀብት ሥልጠና በቅድሚያ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። የአይስላንዱ ሥልጠና ግለሰብ በራሱ የሚያመለክትበት አይደለም፤ በዘርፉ የሚሠራ ባለሙያ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ነው የሚታጨው። ስለዚህ አስቀድሞ በምርምር ማዕከል መቀጠር ራሱ ወደ ውጭ የሚወስድ በር ሊሆን ይችላል።

መርከብ ላይ መሥራት ለሚፈልጉ

ጥያቄያቸው በእርግጥ ይህ ለሆነ ወጣቶች መንገዱ አጭርና ግልጽ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና እንዲሁም በተዛማጅ መስኮች የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ ለመርከብ መሐንዲስነትና ለኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንንነት ያሠለጥናል። በቢሾፍቱ የባቦጋያ ሐይቅ ዳርቻ የሚገኘው የባቦጋያ አካዳሚም የማሪታይምና የሎጂስቲክስ ሥልጠና ይሰጣል። እንግዲህ የመርከብ መሐንዲስ መሆን የሚሻ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ማሰብ ያለበት ስለ ምሕንድስና ነው። የመርከበኞች የብቃት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው በኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመርከበኞች ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ዓለም አቀፍ ስምምነት ያልተከተለ ሥልጠና በየትኛውም መርከብ ላይ አያሠራም። በዘርፉ አስተዳደርና ሕግ ከፍተኛ ትምህርት ለሚፈልጉ በ1983 እ.ኤ.አ. በስዊድን ማልሞ የተቋቋመው የዓለም ማሪታይም ዩኒቨርሲቲ አለ።

እዚህ ላይ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። በመገናኛ፣ በሃያ ሁለትና በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባሉ ሕንፃዎች «በመርከብ ላይ ሥራ እናስቀጥራለን» ወይም «በማሪን ሳይንስ ሙሉ ነጻ የትምህርት ዕድል እናስገኛለን» በሚል ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥምዎ የሚከተለውን ያስታውሱ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ ቀጣሪ አገናኞች ከመርከበኛው ላይ የምልመላም ሆነ የቅጥር ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ሠራተኛው እንዲሸፍን ሊጠየቅ የሚችለው እንደ ጤና ምርመራ የምስክር ወረቀት፣ የመርከበኛ ደብተር፣ ፓስፖርት ያሉ የግል ሰነዶችን ወጪ ብቻ ነው። ከላይ የተጠቀሱት የነጻ ትምህርት ዕድሎችም ማመልከቻቸውን የሚቀበሉት በራሳቸው በተቋማቱ ድረ ገጽ ነው፤ በመካከል ወኪል የላቸውም። «ቦታ ይዤልሃለሁ» የሚል ደላላ የያዘው ቦታ የለም። ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ስለ መርከብ ሥልጠና የማሪታይም ባለሥልጣንን፣ በውጭ ሀገር ስለሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን እንዲጠይቁ አጥብቀን እንመክራለን። ይህን ከከፈሉ በኋላ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ያን ጊዜ የሚሰጣቸው ምላሽ ግን ገንዘባቸውን አይመልስም።

ከትምህርት በኋላ

ስለ ሥራ ዕድል የተጋነነ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይሆንም። በሀገር ውስጥ «የባሕር ሳይንቲስት» በሚል መጠሪያ የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ እምብዛም አይታይም። ሥራው የሚገኘው በሌሎች ስሞች ነው። በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ በባሕር ዳርና በባቱ የሚገኙ የክልል የዓሣ ምርምር ማዕከላት፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የግብርና እንዲሁም የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በየካ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በዚህ ዕውቀት የሚሠሩ ተቋማት ናቸው። በግል ዘርፍ የቆሮሶና የአምባዛ እርባታ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሲሆን፣ ጫጩት ማባዛትና መኖ ማዘጋጀት የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለግበታል። ከሁሉም ጥቂት ሰው ያለው የውቅያኖስ መረጃን ከዝናብ ትንበያ ጋር በሚያገናኘው ሥራ ላይ ነው፤ በፊዚክስና በሂሳብ ጠንካራ የሆነ ተማሪ ዓይኑን እዚያ ላይ ቢጥል ብልህነት ነው።

ለውጭ ሀገር የሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻዎች የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ሲሆን፣ ትምህርቱ በቀጣዩ መስከረም ይጀምራል። በሰኔ ወይም በሐምሌ የሚመረቅ ተማሪ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ማመልከት ከጀመረ አንድ ዓመት ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት መስከረም ላይ የውጤት መግለጫውን ከሬጅስትራር መጠየቅ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና መመዝገብ፣ በመስክ ሥራ አብረውት ከሠሩ ሁለት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ማስጻፍና ፓስፖርቱን ማውጣት ይኖርበታል። በፓስፖርት፣ በትምህርት ማስረጃና በፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ በአንድ ፊደል ልዩነት የተመለሰ ማመልከቻ አለ። ማስረጃዎችን ማረጋገጥ የሚጀምረው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን፣ ቀጥሎ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣ ተመራቂም በሀገር ውስጥ ለመቀጠር የውጭ ዲግሪውን አቻ ግምት የሚያሠራው በዚሁ ባለሥልጣን ነው።

በመጨረሻም ብዙዎች የማያስቡት አንድ ነገር አለ፤ ዋና መቻል። የባሕር ሳይንስ መርሐ ግብሮች የመስክ ኮርስ በጀልባ ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ የመርከብ ሥልጠናም በውሃ ውስጥ ሕይወትን የማዳን ልምምድን የግድ ይላል። በአዲስ አበባ ያደጉ ተማሪዎች ደግሞ አብዛኞቹ ዋና አልተማሩም። ከ10ኛ ክፍል በኋላ ባለው ክረምት በአንድ መዋኛ ቦታ በአሠልጣኝ እገዛ መጀመር ይቻላል።